ሥልጠናው ከሆቴል ይውጣ፣ ማዋለጃ ክፍል ይግባ

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጩኸት አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝምታ ነው። እናት ስታምጥ ትጮኻለች። ማርያም ማርያም ይባላል፣ ያ ረቢ ይባላል። ወሎ ነውና አንዳንዴ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ አፍ ይወጣሉ። ከዚያ ልጁ ዱብ ይላል። ኡዋ ብሎ ሲያለቅስ ውጭ የቆሙት እልል ይላሉ፣ ውስጥ ያለነው ደግሞ እፎይ እንላለን። ዝም ሲል ግን የሁላችንም ሆድ ባር ባር ይላል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወሎ ውስጥ ሁለት ሆስፒታሎች ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ክረምት ነበር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። እናትየው ከደጋው በኩል በአምቡላንስ ሪፈር ተብላ መጣች። ምጡ ረዝሟል። መንገዱም አጉላልቷታል። ሕፃኑ ሲወለድ መልኩ ሰማያዊ ነበር፣ እጅ እግሩ ዝልፍልፍ ብሏል። አደረቅነው። ጀርባውን አሸነው። ዝም። እትብቱን ብዳስስ ልቡ ይመታል። ቀስ ይላል፣ ግን ይመታል። ያ ልጅ በሕይወት ነበረ።

አምቡ ባጉን ብዬ ዞርኩ። ለማያውቀው አንባቢ፣ አምቡ ባግ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ፊኛ ነው። ጫፉ ላይ ጭንብል አለው። ጭንብሉን አፍና አፍንጫ ላይ ገጥሞ ፊኛውን ሲጫኑት አየር ወደ ሳንባ ይገባል። መብራት አይፈልግም፣ ነዳጅ አይፈልግም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የአዋቂ ነው። የጨቅላው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ዕቃውን በሞዴል 22፣ ማለትም በዕቃ ማውጫ ቅጹ፣ ፈርማ ከወሰደችው ባልደረባችን ጋር ነው። እሷ ቀን ስትሠራ ውላ ቤቷ ገብታለች።

አንዷ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሮጠች። እኔ በቁስል መሸፈኛ ጨርቅ (ጎዝ) ላይ በአፌ ልነፋለት ሞከርኩ፤ ደረቱ በደንብ አልተነሳልኝም። ትንሹ አምቡ ባግ ሲመጣ ሰባት ደቂቃ አልፎ ነበር። ያኔ ልቡም ቆሟል። ብዙ ለፋን። አልሆነም።

በሩን ስከፍት አያትየው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። «ልጄ ሲስተር፣ ምነው ድምፁን አልሰማሁት?» አሉኝ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ሞቶ የተወለደ» የሚል ነው። ልቡ ሲመታ በጣቴ ዳስሻለሁ። ሞቶ አልተወለደም።

ይህን የምናገረው ባልደረባዬን ለመክሰስ አይደለም። ለምን እንደቆለፈችው አውቃለሁ። ዕቃ ከጠፋ ከፈረመው ሰው ደመወዝ ይቆረጣል። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው «ዕቃው አለ ወይ?» ነው። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እጅ ይደርስበታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሰው ዕቃውን ይቆልፋል። ዕቃው አይጠፋም፣ ሕፃኑ ይጠፋል። እንዲህ ዓይነት ቁም ሣጥን ያለው አንድ ሆስፒታል ብቻ እንዳልሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቃሉ።

እስኪ ስለ ራሷ ስለ ደቂቃዋ ልናገር። ከመቶ ሕፃናት 85 የሚሆኑት ማንም ሳይነካቸው ይተነፍሳሉ። 10 የሚሆኑት ሲደርቁና ጀርባቸው ሲታሽ ይነቃሉ። ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት ደግሞ አምቡ ባግ ይፈልጋሉ። ደረት መጫን ወይም መድኃኒት የሚያስፈልገው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሙያችን «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምንላት አለች። ካልተነፈሰ፣ በተወለደ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር ሊሰጠው ይገባል። ታንዛኒያ ውስጥ በሃይዶም ሆስፒታል የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ አየር መስጠቱ በ30 ሴኮንድ በዘገየ ቁጥር የሞት ወይም ሆስፒታል ረዥም ጊዜ የመተኛት አደጋው በ16 በመቶ ይጨምራል። እኛ ሰባት ደቂቃ አምቡ ባግ ስንጠብቅ ነበር።

ብዙ ሰው ኦክስጅን ከሌለ ምንም አይደረግም ብሎ ያስባል። ባለሙያም ጭምር። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ተራ አየር ለመጀመር በቂ ነው። የሚፈለገው እጅ ነው። አንገቱ በትንሹ ቀና ይላል። ጭንብሉ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍናል፣ ዓይኑን አይነካም። ከዚያ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል መንፋት። ዓይን ከደረቱ ላይ አይነሳም። ደረቱ ካልተነሳ አየሩ እየገባ አይደለም፤ ጭንብሉን ማስተካከል፣ አንገቱን ማቅናት፣ አፉን ማየት፣ ጠንከር አድርጎ መጫን። ሲነገር ቀላል ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥተሽ፣ እናት እየደማች፣ አያት በር ላይ ቆመው ስታደርጊው ግን ጣት ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በወር 100 እናቶች የሚወልዱበት ሆስፒታል እንውሰድ። አምቡ ባግ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት በወር ከ3 እስከ 6 ናቸው። አዋላጆቹ 12 ቢሆኑ፣ ለአንዷ አዋላጅ የሚደርሳት ከሁለት እስከ አራት ወር አንድ ሕፃን ነው። በሦስት ወር አንዴ የሚሠሩት ነገር ደግሞ ከእጅ ይወጣል። እንጀራ እንኳ ሦስት ወር ሳይጋገር ቆይቶ ሲጋገር ዓይን አያወጣም። ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ የእጅ ጠባይ ነው።

እኛ ለዚህ የሰጠነው መልስ ምንድን ነው? የሆቴል ሥልጠና። ደብዳቤ ይመጣል። ሁለት ሰው ይመረጣል። ብዙ ጊዜ የሚሄደው አስተባባሪው ወይም ነባሩ ነው። ሌሊት ተረኛ የምትሆነው አዲሷ ልጅ ትቀራለች። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሦስት አራት ቀን ስላይድ ይታያል፣ ሻይ ቡና ይጠጣል፣ ሕፃን በሚመስለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሁለቴ ይሞክራል። አበል ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። አሻንጉሊቱ ከአሠልጣኞቹ ጋር ይመለሳል። እኔም ሄጄ አውቃለሁ። ያስተማሩኝ ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ባመሰግናቸውም አልጠግብም። ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ጭንብሉ እጄ ላይ አየር ማሾለክ ጀመረ።

ያው የሃይዶም ሆስፒታል ይህንኑ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለባለሙያዎቹ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጠ። ከወራት በኋላ ሲፈተኑ አሻንጉሊቱ ላይ ጥሩ ሠሩ፤ እውነተኛው ሕፃን ላይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ከዚያ ነገሩን ገለበጡት። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ በወር ደግሞ አንዴ 40 ደቂቃ ልምምድ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11 ወደ 7 ወረዱ። ሃይዶም የገጠር ሆስፒታል ነው። ኑሮው ከእኛው ወገልጤና ወይም መካነ ሰላም ብዙም አይርቅም።

ቁጥር ካነሳሁ አይቀር የአገራችንንም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ1,000 ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 29 ወረደ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 33 ሆነ። በእነዚያው ሦስት ዓመታት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ አድገዋል። እናቶቹ መጡልን፣ የሕፃናቱ ሞት ግን ፈቀቅ አላለም። የ2016ቱ ጥናት በክልል ሲታይ ደግሞ፣ ካለፉት አሥር ዓመታት ተሰልቶ፣ አማራ ክልል 47 ነው። ከሁሉም የባሰ። አዲስ አበባ 18።

እነዚያን እናቶች ያመጣናቸው እኛ ነን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ዞረው «ተቋም ውለጂ» ብለው ለመኑ። ቃሬዛ የተሸከሙ ጎረቤቶች ገደል ወጡ። የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፣ ገንፎ ተገነፋ። ገጠር ያለች ሴት የናቷን ቤት ትታ፣ ሙቀቱን ትታ፣ ወዳጃ (የዱዓ ሥርዓት) የሚያደርጉላትን ሽማግሌዎች ትታ እኛ ጋ የመጣችው አንድ ነገር አምና ነው። ልጄ ዝም ቢል እዚያ የሚያውቅ ሰው አለ ብላ። ይህ እምነት ያለብን ዕዳ ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ። «ጦርነቱስ?» ይሉኛል። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የደሴም የወልዲያም ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። ማሽን ተነቅሎ ሄዷል፣ የቀረውም ተሰባብሯል። ያን ጊዜ በሻማና በስልክ መብራት ያዋለዱ ባልደረቦቼን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል። ሞቃት አልጋ ያስፈልገናል፣ ሲፓፕ (ሕፃኑን ለመተንፈስ የሚያግዝ መሣሪያ) ያስፈልገናል፣ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያስፈልገናል። ይህንን ሁሉ ጠይቁልን። ደመወዙም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው ቀልድ ይዞት አይደለም። ሌሊቱን ያደረች አዋላጅ የቤት ኪራይ ስታሰላ ማደር የለባትም። ግን የሳምንቱን አምስት ደቂቃ ልምምድ ጦርነቱ አልዘረፈውም። በጀት መጠበቅም የለበትም። የአንድ ሆቴል ሥልጠና ወጪ ለብዙ ሆስፒታሎች አሻንጉሊትና አምቡ ባግ ገዝቶ ያስቀራል።

ለቤተሰቦችም አንድ ነገር አለኝ። ስትመጡ ሁለት ንጹሕና ደረቅ ነጠላ ወይም ፎጣ ያዙ። አንዱ ለማድረቂያ፣ አንዱ ለመጠቅለያ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደላንታና መቄት ደግሞ ቅዝቃዜያቸውን ታውቁታላችሁ። እርጥብ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ሕፃን ደግሞ ለመተንፈስ ይቸግረዋል። በእርጥቡ ጨርቅ አይጠቀለልም። ድሮ እንደሚደረገው ቁልቁል ዘቅዝቆ መምታት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት ይቅር፤ ይጎዳዋል እንጂ አያነቃውም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ በሠራሁበት ክፍል ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። የተለየ ነገር አይደለም። አሻንጉሊት ለምነን አንድ አገኘን። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ሲያስረክብ፣ ሁላችንም ተራ በተራ አንዳንድ ደቂቃ እንነፋለን። ጽዳት የምትሠራው ባልደረባችን ሰዓት ትይዝልናለች። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ ቆመው ያዩን ነበር፣ ኋላ ገቡበት። በየተረኛው ርክክብ ላይ ደግሞ አምቡ ባጉ በእጅ ተጭኖ ይሞከራል፣ ይፈረማል።

አንድ ጠዋት በቅርብ የተመረቀች ልጅ ጋር ነበርኩ። ሕፃኗ ወጣች፣ ዝም። ልጅቱ አደረቀቻት፣ አሸቻት፣ እርጥቡን ፎጣ ጣለች፣ እትብቷን ቆርጣ ወደ ማሞቂያው ወሰደቻት። እጇን ዘረጋች፣ አምቡ ባጉ እዚያው ነበር። «ንፋ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ለራሷ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሾለኩ። አገጩን ሳብ አደረገችው። ሦስተኛው ላይ ያቺ ጣት የምታህል ደረት ከፍ አለች። እኔ ዝም ብዬ የሕፃኗን የልብ ምት በጣቴ እየመታሁ ለልጅቱ አሳያታለሁ። መጀመሪያ የሕፃኗ ደረት ቀላ። ቀጥሎ ከንፈሯ። ከዚያ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ፣ ተቆጥታ አለቀሰች። ነፍስ ዘራች። እናትየዋ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ልጅቱ ጓንቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ አነባች።

አምቡ ባጉ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ አይደለም። ታጥቦና ተቀቅሎ፣ በንጹሕ ፌስታል ተሸፍኖ፣ ከማሞቂያው ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ሲሰቀል አንድ ኃላፊ «ሲስተር፣ ይጠፋብሻል፣ ከደመወዝሽ ነው የሚቆረጠው» ብለውኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሆነው። አልጠፋም።