ምስጋና ለቡና ላይ ሐኪሞች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ያንሳል የሚል ሰው እኛ ሰፈር ቡና ጠጥቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ቶናው ሳይቀዳ የምርመራ ውጤት ይወጣል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። በሽተኛው ራሱ መምጣት አይጠበቅበትም።

ሰሞኑን የአንድ ወጣት ጉዳይ ቀረበ። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ብቻውን ያወራል። እናቱ ያቀረቡለትን ምሳ «መርዝ አለበት» ብሎ መልሷል። እትዬ አቦሉን ፉት እንዳሉ «ዓይነ ጥላ ነው» ሲሉ ወሰኑ። ከጎናቸው ያሉት «ኧረ መተት ነው» ብለው አሻሻሉት። ጋሼ ደግሞ መድኃኒት አዘዙ፤ «ሚስት ይፈለግለት!» ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ግን አልነገሩንም።

«ሐኪም ቢያየውስ?» አልኩ። «ልጁን እብድ ልታስብለው ነው?» ተባልኩ። ፈንዲሻዬን መቃም ቀጠልኩ። ይህ ዓይነቱ ሕመም በአብዛኛው ከጉርምስና ማብቂያ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ይጀምራል፣ ቶሎ ሲታከም ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እነሱ ምን ያውቃሉ? ተምረው እንጂ ቡና ጠጥተው አላወቁት!

ገመና ሸፋኝነታችንማ ልዩ ነው። ልጁ ጓዳ ይገባል፣ እግሩ ይታሰራል፣ የመንዝ ባና ይደረብለታል። እንግዳ ሲመጣ «አዲስ አበባ ሄዷል» ይባላል። አዲስ አበባ የሄደው ልጅ ከጓዳ ሲጮህ ሬዲዮው ከፍ ይላል። እንግዳውም ጨዋ ነው። ምንም እንዳልሰማ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ መርቆ ይወጣል። ማታ መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ከዚያ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ። በጠበል አልቀልድም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የማደንቀው ክኒንን ከጠበል ያጣላንበትን ጥበብ ነው። አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። እኛ ግን ከፓትርያርክ እንበልጣለን።

ልጁ ጨርቁን ጥሎ አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው እንግዲህ ሁሉም በአንድ አፍ «አማኑኤል!» የሚለው። በ1930 ዓ.ም. ወደተከፈተው ሆስፒታል 130 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እያለ ለምን? ዘመድ ካርድ ክፍል ቢያየንስ!

ሕክምናው ሲጀመርም አንተኛም። ልጁ መተኛትና መብላት እንደጀመረ «ሱስ ያስይዘዋል» ብለን ክኒኑን እናስጥለዋለን። ሱስ የማያስይዝ መሆኑ አያግደንም። ሲያገረሽበት «ድሮም የሐኪም ነገር!» እንላለን።

መንግሥትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚሠራ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ነበረን። ሕክምናው ሰው ደጃፍ ድረስ፣ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ያለመ። ወረቀቱ ያምራል። መስከረም 30 ሲደርስ ደግሞ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነውና ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል። በማግስቱ አንዲት እናት ከገጠር በእግሯ መጥታ የልጇን ክኒን ስትጠይቅ «አልቋል፤ ከውጭ ግዢ» ትባላለች። ከውጭም የለም።

አረቄ ቤቶቻችን ግን ይመስገኑ። «ጨነቀኝ» ብሎ የመጣን ወንድ ሁሉ በመለኪያ ያስተናግዳሉ። ቀጠሮ አይሰጡም። «አልቋል» ብለው የመለሱትም ሰው የለም።