የታሸገ ሣጥን ዋስትና አይሆንም

ሰሞኑን አንድ የዒላማ ተኳሾች ማኅበር፣ በአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች በእጅ የተሞላ ጥይት፣ ማለትም ተኳሹ ራሱ የተተኮሰ ጥይትን የናስ ማቀፊያ (ቀለሃ) በአዲስ ባሩድና አረር መልሶ የሞላው፣ እንዳይተኮስ ከልክሏል። ለውሳኔው ከተሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ደካማው፣ በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ የቆየው የሠራዊት ጥይት ለጠመንጃው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ይበልጥ ያስተማምናል የሚለው ነው። ይህን የጻፈ ሰው እንዲህ ያለ ሣጥን ከፍቶ ያውቃል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ለየትኛው መሣሪያ ነው የተሠራው? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጡት «ማርክ 8 ዜድ» የተባለው 303 (ልኩ 0.303 ኢንች የሆነ) ጥይት የታሰበው ለቪከርስ መትረየስ ነበር፤ ሊ ኤንፊልድ የተባለው የእንግሊዝ እግረኛ ጠመንጃ ግን፣ ለእሱ ባይታሰብም፣ ይጎርሰዋል። የጀርመኑ 8 ሚሊ ሜትር ሞዘር አረርም እ.ኤ.አ. በ1905 ከ8.08 ወደ 8.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ወፍሯል፤ ከዚያ ቀድሞ ተሠርቶ አፈሙዙ ሳይሻሻል የቀረ ጠመንጃ ወፍራሙን ቢጎርስ፣ አደጋው የሚደርሰው ተኳሹ ፊት ላይ ነው። የብዙዎቹ አሮጌ ጥይቶች መለኮሻ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ኬሚካል ያለበት መሆኑንም ውሳኔው አያነሣም። ይህ ሲቃጠል የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ አፈሙዙን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የሚያሟሟውም ዘይት ሳይሆን ውኃ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሊ ኤንፊልድን ጉዳይ ጠጋ ብሎ ማየት ውሳኔውን ያፈርሰዋል። የ303 ቀለሃ በግርጌው ጠርዝ ተይዞ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ጭቃና አቧራ ተኩሱን እንዳያስተጓጉል ሲባል ጠመንጃው ጥይቱን የሚጎርስበት ክፍል በቀለሃው ትከሻ፣ ማለትም ቀለሃው ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ በኩል ሰፋ ተደርጎ ተሠርቷል። ስለዚህ አዲስ ጥይት ሲተኮስ ናሱ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ይለጠጣል፣ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎም ይሳሳል። ጠንቃቃ ሰው ይህን ቀለሃ መልሶ ሲሞላ የሚያጠብበው አንገቱን ብቻ ነው፤ ትከሻው የዚያን ጠመንጃ ልክ እንደያዘ ስለሚቀር፣ ቀጣዩ ተኩስ ናሱን የመጀመሪያውን ያህል አይለጥጠውም። ልብስ ሰፊ የአንድን ሰው ልክ ወስዶ እንደሚሰፋ፣ ይህም ጥይት ለአንድ ጠመንጃ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ከመሙላቱም በፊት ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ ወደ ቀለሃው ሰዶ የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ይዳብሳል፤ ሽቦውን ከግርጌው አጠገብ ቦይ ያዝ ካደረገው ቀለሃው ሊበጠስ ተቃርቧልና ይጥለዋል። የትኛው ፋብሪካ፣ የትኛውስ የጦር ግምጃ ቤት ነው የእያንዳንዱን ተኳሽ ጠመንጃ እንዲህ የሚያውቀው?

ለአደን የሚሸጠው ከባድ አረር ያለው የፋብሪካ ጥይትም ቢሆን ኤም 1 ጋራንድ የተባለውን በከፊል አውቶማቲክ የአሜሪካ ጠመንጃ ማስኬጃ ዘንግ ሊያጣምም ይችላል፤ መፍትሔውም ለጠመንጃው የሚስማማ ባሩድ መርጦ ራስ መሙላት ነው።

ሳያስተውል አንዱን ቀለሃ ሁለት ጊዜ ባሩድ የሚያጎርስ ቸልተኛ መኖሩን አልክድም። እሱን ከተኩስ ሜዳው ማስወጣት ተገቢ ነው፤ በእሱ ጥፋት ሚዛን ይዞ የሚለካውን ሁሉ መቅጣት ግን ፍርሃትን ደንብ ማድረግ ነው።

ማኅበሩ ክልከላውን አንሥቶ የሙሌት መዝገብ ይጠይቅ፤ የባሩዱን ዓይነትና ክብደት፣ ቀለሃው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ። ሣጥን ይዘው የሚመጡትንም ጥይታቸው ለምን መሣሪያ እንደተሠራና ስንት ዓመት በምን ሁኔታ እንደተቀመጠ ይጠይቃቸው፤ መልስ ያለው ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ይለያል።