እናቴ የተኛችባቸው 3 ሌሊቶች

እናቴ የኩላሊት ኢንፌክሽን ይዟት ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል 3 ሌሊት ተኝታ ከታከመች በኋላ፣ የመድን ድርጅቱ «በተመላላሽ መታከም ትችል ነበር» በማለት ወጪውን አልሸፍንም ማለቱ እጅግ አሳዝኖኛል። ትኩሳቷ 39.6 ደርሶ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ የዋጠችውን ክኒን ከነውሃው ስታስመልሰው ፌስታሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ክኒን ሆዷ ውስጥ አልረጋ ላላት ሕመምተኛ መድኃኒቱን በደም ሥር ከመስጠት ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከተሰራጨ ለሕይወት እንደሚያሰጋ የመድን ድርጅቱ ገምጋሚ ሐኪም ሊያውቅ ይገባዋል። የመተኛት አስፈላጊነት የሚመዘነው በገባችበት ሰዓት በታየባት ምልክት እንጂ፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በመብረዱ አይደለም፤ የበረደውም ስለታከመች ነው። ለመሆኑ ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳቷን የመዘገቡበትን ወረቀት ገልጦ አይቶታል? ድርጅቱ ወጪውን አልሸፍንም ያለበት ደብዳቤ ስለ ማስመለሷ አንድም ቃል አይልም።