ደጋግሞ መርጨት ተባይን ሊያበዛው ይችላል

«ተባይ የሚበዛው መድኃኒት ስለሚያንስ ነው፤ ደጋግመው ይርጩ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው የሚያምነው ቢሆንም መታረም አለበት።

ኢንዶኔዥያን ይመልከቱ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ለፀረ ተባይ መድኃኒት ከፍተኛ ድጎማ ይሰጥ ስለነበር ገበሬው ሳይሰስት ይረጭ ነበር። የሩዝን አገዳ የሚመጥጠው ትንሽ ቡናማ ነፍሳት ግን በመቀነስ ፈንታ ማሳውን እሳት እንደለበለበው አደረቀው። ነፍሳቱ እንቁላሉን የሚጥለው የተክሉን አካል ሰርስሮ ነው፤ እዚያ ውስጥ ርጭቱ እምብዛም አይደርስም። እርሱን የሚበሉት ሸረሪቶችና እንቁላሉን የሚመጥጡት ሌሎች ነፍሳት ግን በግላጭ ስለሚዘዋወሩ ያልቃሉ። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጠላት የሌለበት ማሳ ይጠብቀዋል። የማዳበሪያም እጅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ማንም አያነሳውም! ናይትሮጅን የበዛለት ሩዝ ለነፍሳቱ ይበልጥ ገንቢ ስለሚሆን እንቁላሉም ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 የፀረ ተባይ ምርቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ አገዱ። ድጎማውም በሂደት ቀረ። ርጭቱ በእጅጉ ሲቀንስ የሩዝ ምርት ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልወደቀም።

ፈጽሞ አይረጭ ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ የማይሰጥ ወረርሽኝ አለ። ነገር ግን መርጫውን ከመሸከምዎ በፊት ተክሉን ገለጥ አድርገው ተባዩንም፣ ተባዩን የሚበሉትንም ይቁጠሩ። ሸረሪቱ ከበዛ ጥቂት ቀን ይታገሱና እንደገና ይመልከቱ።