ለእንግዳ ልጅ የተሠሩ ትምህርት ቤቶች

እንግሊዝ አገር የትምህርት ክርክር በተነሣ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ከተሞች ስም መነሣቱ አይቀርም። የትምህርት ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ የነበሩት ሰር ማይክል ዊልሾ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ኋላ የቀሩት የድኻ ልጆች እንደ ድሮው በትልልቅ ከተሞች መሀል ሳይሆን በትናንሽ ከተሞችና በባሕር ዳርቻ እንደሚገኙ ተናገሩ። ያሉት ልክ ነበር። እኔ የማይዋጥልኝ ከዚያ ወዲህ በላዩ ላይ የተከመረበት ወሬ ነው፤ ልጆቹ ምኞት የላቸውም፣ ወላጆቹም ለትምህርት ደንታ የላቸውም የሚለው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች የአንዲት ከተማን የትምህርት ቤቶች ታሪክ እንኳ ቁጭ ብለው ቢያዩ ያፍሩ ነበር።

ታኔትን እንይ። በኬንት አውራጃ ምሥራቃዊ ጫፍ ማርጌት፣ ራምስጌትና ብሮድስቴርስ የሚባሉ ከተሞች ተያይዘው የተቀመጡበት፣ በሦስት ወገን ባሕር የከበበው ምድር ነው። የባሕር አየር መድኃኒት ነው ተብሎ ስለሚታመን በ1791 ድኾች በባሕር ውኃ እየታጠቡ የሚታከሙበት ሆስፒታል ማርጌት ላይ ተመሠረተ። በ1846 ባቡር ሲገባ ደግሞ የለንደን ሰው ይጎርፍ ጀመር። አየሩን ለበሽተኛ መሸጥ የለመደ ከተማ ለተማሪ መሸጥ አላቃተውም። የለንደን ነጋዴ፣ በቅኝ ግዛት የሚያገለግል ሹም፣ ልጁን «ጤናማ አየር» ወዳለበት አዳሪ ትምህርት ቤት መላክ ልማዱ ሆነ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከተራ መኖሪያ ቤት የማይሻሉ ነበሩ፤ አንድ መምህር ቤት ይከራያል፣ በጋዜጣ ያስነግራል፣ አለቀ።

አንዱን ከውስጥ ያየልን ሰው አለ። በኤፕሪል 1876 ቪንሰንት ቫን ጎህ የሚባል፣ ገና ማንም የማያውቀው የ23 ዓመት ወጣት ራምስጌት ገባ። ሚስተር ስቶክስ የተባለ ሰው ከባሕሩ ፊት ለፊት በከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነው። ደመወዝ የለውም፤ ምግቡና ማደሪያው ነው ክፍያው። ተማሪዎቹ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 24 ወንዶች ልጆች ናቸው። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ቤቱን ፍንትው አድርጎ ያሳየናል፤ ትኋን ሞልቶታል፣ ልጆቹ የሚታጠቡበት ክፍል ወለሉ በስብሷል፣ የመስኮቱ መስተዋት ተሰባብሯል፣ ለሁሉም ያሉት ስድስት መታጠቢያ ሳህኖች ናቸው። ሚስተር ስቶክስ ልጆቹ ከመጠን በላይ ጮኹ ብሎ ካሰበ የማታ ዳቦና ሻያቸውን ይከለክላቸዋል። ወላጆች ሊጠይቁ መጥተው ወደ ባቡር ጣቢያው ሲመለሱ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ያዩአቸዋል። ያን ከመስኮቱ የሚታየውን ቦታ ቫን ጎህ በሥዕል ነድፎ ለወንድሙ ልኮለታል። ወጣቱ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሄደ፤ ሚስተር ስቶክስም ትምህርት ቤቱን ነቅሎ ወደ ለንደን አቅራቢያ ወሰደው። አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ እንደ ድንኳን ይተከልና ይነቀል ነበር። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የራምስጌት ዓሣ አጥማጅ ልጅ የለም።

በዚያው ዘመን ማርጌት ላይ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነገር ተሠርቷል። መስማት ለተሳናቸው የድኻ ልጆች በ1792 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ትምህርት ቤት በ1870ዎቹ ማርጌት ላይ ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ጠቅልሎ እዚያው ገባ። ታሪኩ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ የመስኩ መምህራን ከምልክት ቋንቋ ይልቅ ልጆቹን በአፍ ማናገር ይሻላል ብለው ከወሰኑ በኋላ፣ እንደ ሌላው አውሮፓ ሁሉ እንግሊዝም ውስጥ እጆች እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸው ለብዙ አሠርት ዓመታት ኖረዋል። ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ማርጌትን የመላ አገሪቱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከተማ አድርጓት ነበር። በዲሴምበር 2015፣ ገና ሊከበር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ያስተዳድረው የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡ አልቆ ተዘጋ። ከ220 ዓመታት በላይ የቆየ ተቋም በዓመቱ አጋማሽ በሩን ሲዘጋ ልጆቹ ሌላ ቦታ ተፈለገላቸው፤ መምህራኑና ሠራተኞቹ ሥራ ፈቱ።

ታዲያ የአገሬው ልጅስ? ለእሱ ትምህርት የመጣው በሕግ ግፊት ነው። የ1870ው ሕግ ትምህርት ቤት በሌለበት ሁሉ እንዲሠራ አዘዘ፤ በ1880 ልጆች እስከ 10 ዓመታቸው የመማር ግዴታ ወጣ፤ በ1891 ደግሞ ክፍያው ቀረ። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ነገር ግን ባሕር ዳርቻ ላይ በጋ ሲገባ እናት ክፍሎቿን ለእንግዳ ታከራያለች፣ ልጅ ሻንጣ ተሸካሚና ተላላኪ ይሆናል። የከተማው እንጀራ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚጋገረው፤ ትምህርት ቤቱ ከዚህ ጋር ተሻምቶ ነው የኖረው።

እዚህ ላይ «ኤድዋርድ ሄዝስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሄዝ በ1916 ብሮድስቴርስ ተወለደ፤ አባቱ አናጢ፣ እናቱ በሰው ቤት ያገለገለች ሴት። በ10 ዓመቱ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ራምስጌት ወደሚገኘው ቻተም ሃውስ ግራመር ስኩል (ልጆችን በፈተና መርጦ የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ገባ፣ ከዚያ ኦክስፎርድ፣ በመጨረሻም ከ1970 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የግራመር ስኩል ደጋፊዎች ይህን ታሪክ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደጋግሙታል። አንድ ልጅ ወጣ። አብረውት የመጀመሪያ ደረጃ ከተማሩት የሰፈሩ ልጆች ስንቱ እዚያው እንደቀረ የሚቆጥር ግን የለም። ይባስ ብሎ፣ ግራመር ስኩሎችን ሁሉም ልጅ በሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች ለመለወጥ ከቀረቡት እቅዶች፣ ከማንም የትምህርት ሚኒስትር በላይ ያጸደቀችው የራሱ የሄዝ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ነበረች። አናጢው አባት ልጁን ያሻገረበት ድልድይ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በልጁ መንግሥት ሲፈርስ፣ በገዛ አውራጃው ግን ሳይነካ ቀረ።

ኬንት እስከ ዛሬ አልተወውም። በመላ እንግሊዝ ከቀሩት 163 ግራመር ስኩሎች 32ቱ ያሉት በዚህ አውራጃ ነው። ልጁ በ10 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን የአንደኛ ደረጃ ክፍል ገና በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ፈተና ይቀመጣል፤ ከእኩዮቹ ሩብ ያህሉ ያልፋሉ። የእኛ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ቢያንስ ልጁ ድምፁ መጎርነን እስኪጀምር ይጠብቀው ነበር። ገንዘብ ያለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል። የሆቴል አልጋ እያነጠፈች በቀን ሥራ የምትኖር እናት ደግሞ መመዝገቢያው ቀን ማለፉን የምትሰማው ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው የሚገርመኝ። ሩቡን ጎበዝ አስቀድመው ከወሰዱ በኋላ የተረፉትን ያስተማረውን ትምህርት ቤት በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጡትና ከታች ሲገኝ «ደካማ» ይሉታል። ስም ይቀየራል፣ አዲስ ሕንጻ ይሠራል፣ አዲስ ርእሰ መምህር ይመጣል። ራምስጌት ውስጥ በ2005 የተከፈተው ማርሎ አካዳሚ የወደቀውን የራምስጌት ትምህርት ቤት እንዲተካ ነበር የታሰበው፤ የሚያምር ሕንጻም ተሠራለት። በ2014 ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተጠቃልሎ እሱም ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ማለት አንድ ልጅ ትምህርት ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ እንኳ ሳይጨርስ ነው።

መምህር ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። ለንደን ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ከአራቱም አቅጣጫ መምህር ይመጣለታል፤ ማርጌት ያለው በግማሹ በኩል ያለው ባሕር ብቻ ነው። ከ2003 ጀምሮ መንግሥት የለንደንን ትምህርት ቤቶች ለማሻሻል ለዓመታት ገንዘብና ሰው አፈሰሰ፤ ውጤቱም ታየ። ባሕር ዳርቻዎች የታወሱት ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ብላክፑል፣ ስካርበራና ሄስቲንግስ ልዩ ድጋፍ ከሚያገኙት ሲመደቡ ታኔት ከዝርዝሩ አልገባም።

በጦርነቱ ጊዜ እንኳ የሆነውን እዩ። በ1939 የለንደን ልጆች ከቦምብ ይተርፉ ተብሎ ወደ ኬንት ተላኩ። በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ጀርመን ማዶ ቆሞ ይታይ ጀመርና የታኔትን ልጆች በተራቸው በባቡር ጭነው ወደ ስታፎርድሺር ወሰዷቸው። አገሪቱ ባሕር ዳርቻውን ልጅ ማስቀመጫ አድርጋ ማየት አመል ሆኖባታል።

አመሉ አልለቀቃትም። ከ1970ዎቹ ወዲህ እንግሊዛዊው በርካሽ አውሮፕላን ስፔን መሄድ ሲጀምር የማርጌት ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ባዶ ቀሩ፤ ኪራያቸውም ረከሰ። የለንደን ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከቤተሰብ ተነጥለው በመንግሥት አሳዳጊነት ሥር ያሉ ልጆችን ወደዚያ መላክ ጀመሩ፤ እዚያ ርካሽ ነዋ። የኬንት ባለሥልጣናት ለዓመታት አቤት ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ቀጥሎ ደግሞ በትንሽ ጀልባና በጭነት መኪና ያለ ወላጅ ዶቨር የሚደርሱ ልጆች መጡ፤ ሱዳናውያን፣ አፍጋኖች፣ ኤርትራውያን፣ የእኛም ልጆች አሉባቸው። ኬንት በ2020ና በ2021 «ከዚህ በላይ አልችልም» አለ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ልጆቹን በባሕር ዳርቻ ሆቴሎች አስቀመጣቸው፤ ከሆቴሎቹም ብዙ ልጆች ጠፉ። በጁላይ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚኒስቴሩም የሆቴል አሠራር፣ የኬንትም ልጆቹን አልረከብም ማለት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ሆቴል ውስጥ የከረመ ልጅ በሕግ የተረከበው ካውንስል ከሌለ የት እንደሚማር የሚወስንለት አካልም የለም።

በመጨረሻ ካውንስል ሲረከበው በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይፈለግለታል። እንግሊዝኛው ገና ጅማሬ ላይ የሆነ፣ የ15 ዓመት ልጅ። ግራመር ስኩሉ ፈተና አለው፤ ታዋቂው ትምህርት ቤት ሞልቷል። ባዶ ወንበር የሚገኘው ወላጆች የሸሹት፣ ተቆጣጣሪዎች «ደካማ» ያሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት መምህራን ይቀበሉታል። ሰንጠረዡ ሲወጣ ደግሞ፣ ትምህርት ቤቱ አመልክቶ ከቁጥሩ ካላስወጣው፣ የእሱም ውጤት ትምህርት ቤቱ ላይ ይቆጠራል።