«አለሁ» ያላችሁ ሁሉ የት ናችሁ?

ዛሬ ልናገር ነው። ሆዴ ውስጥ ይዤው ዓመት ሊሞላው ነው።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ከሊድስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዱ ዮርክሻየር ዴልስ የሚባል ገጠር ይገኛል። በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጭጋግ፣ እንደገና በግ። እዚያ ሦስት ኮረብቶች አሉ፤ ፔኒጌንት፣ ዌርንሳይድ እና ኢንግልቦሮ። ሦስቱንም በአንድ ቀን በእግር ዞሮ፣ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደ ተነሱበት መንደር መመለስ እዚህ አገር የታወቀ ነገር ነው። (12 ሰዓት ያልኩት የቆይታውን ርዝመት ነው። ይህቺ «12 ሰዓት» የምትባል ነገር ኋላ ጉድ ታፈላለች።) መንገዱ 38 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው።

ባለፈው ዓመት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «እንሂድ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 19 ሰው «አለሁ» አለ። አንዷ እሳት ላከች። አንዱ ጡንቻ ላከ። አንዱ ደግሞ «እኔ ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለ። እኔም አመንኩ። ሞኝ ነኝ።

ከዚያ አንዱ «ለመሆኑ ቁመታቸው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጻፍኩለት፤ 694፣ 736 እና 723 ሜትር። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። «ይሄ ተራራ ነው? ቦሌ ራሱ ይበልጠዋል እኮ!» እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ነች። የዌርንሳይድ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከአዲስ አበባ አንጻር ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ሽሮ ሜዳ ያደገው ልጅማ «እኔ እንጦጦን በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት» አለና ዝግጅቱ በዚሁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ ብናገር፣ ስለ ዝናብ ልብስ ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ሁሉም የልጅነቱን ማስረጃ ያቀርባል። ጋሼ እንኳን «እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት በቀን አራት ሰዓት በእግሬ እየተመላለስኩ ነው» አሉ። መቼ? የዛሬ 50 ዓመት።

ወገን፣ የተራራ ቁመት የሚለካው ከባሕር ወለል ነው። እግር ግን የሚከፍለው ከተነሳበት ጀምሮ ነው። ሦስቱን ኮረብታ ስትወጣ ስትወርድ የሽቅቡ ድምር 1,585 ሜትር ይመጣል። ኢፍል ታወር 330 ሜትር ነው። አምስት ጊዜ ልትወጣው ትንሽ ሲቀርህ ማለት ነው፤ ያለ አሳንሰር።

ቁጭ ብዬ አሰላሁላቸው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዛለህ። ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። በዚህ ሒሳብ የእኛ መንገድ አሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይሄ እንግዲህ ሳይቀመጡ፣ ሳይበሉ፣ ጫማ ሳይፈቱ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ፎቶ ብቻ ሁለት ሰዓት ይወስድበታል። ይህን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ «ዘና በል ወንድሜ፣ ሽርሽር ነው» የሚል ነበር።

ወደ ቀን ቆረጣው ልግባ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ የምትገባበት አገር ያደገ ሰው ስለ ቀን ርዝመት አይጨነቅም። እዚህ ግን ሰኔ ላይ ቀኑ 17 ሰዓት ያህል ይረዝማል፣ ታኅሣሥ ላይ ስምንት ሰዓት አይሞላም። «ለምን በገና እረፍት አንሄድም?» ያለውን ሰው ስም አልጠራም። ራሱን ያውቃል። እኔ ሰኔ አልኩ። ሰኔ ሲባል የሰኔ ጾም መጣ። በጾም አልቀልድም፣ እኔም እጾማለሁ። ግን እስከ ስድስት ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ፔኒጌንትን መውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር ሦስት ቀን ፈጀ። በድምፅ መልእክት! አንዱ የአራት ደቂቃ ተኩል ስብከት ላከ። አንዷ እህታችን የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ብላ ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰችም። በስንት መከራ ጾሙ ሐምሌ 5 ይፈታ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንሂድ ተባለ።

በባቡር እንዳንሄድ በጊዜ አያደርሰንም። ስለዚህ መኪና። ሁለት ሰው «መኪናዬ አለ» አለ። እኔም «ጠዋት 12 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አምናለሁ። ግን «ጠዋት» የሚለውን ቃል ማንም አላየውም? ግማሹ በእኛ አቆጣጠር አሰበ፣ ግማሹ በፈረንጅ አሰበና እኩለ ቀን መሰለው። አንዱ እኛ ተራራ ላይ ሆነን፣ ረፋዱ ላይ ደውሎ «እየመጣሁ ነው፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር።

ከ19 ሰው አራት ተገኘን። እኔ፣ ጋሼ፣ እትዬ እና ነጭ ስኒከር ያደረገ አንድ ልጅ። ሁለተኛው ባለ መኪና ስልኩን ዘግቷል። አንድ ሰዓት ጠበቅነው። ጋሼ የቤተ ክርስቲያን የቆዳ ጫማቸውን ወልውለው መጥተዋል። እትዬ ደግሞ ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ። ቁራሽ እንዳይመስላችሁ። ሙሉውን፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ገና ትኩስ፣ ጥቁር አዝሙዱ ከሩቅ የሚሸት። «እዚያ ስንደርስ ይቆረሳል» አሉ። ማን ይሸከመው? ታናሽ ማን ነው? ልጁ ጀርባዬን ያመኛል አለ።

እናም ድፎ ዳቦ አዝዬ ፔኒጌንትን ወጣሁ። ከሆርተን መንደር የተነሳነው በእኛ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፣ ያኔ ሌላው ተጓዥ ሁሉ ቀድሞናል። ኮረብታው በደቡብ በኩል እንደ አፍንጫ ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩን በእጅ ጭምር እየያዙ የሚወጡበት ቦታ አለ። እጄ ድንጋይ ላይ፣ ዳቦው ማጅራቴ ላይ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ። ከኋላዬ እትዬ «ልጄ፣ እንዳይጫን! እንዳይጫን!» ይላሉ። ጫፉ ላይ ከነፋስ የሚከልል የድንጋይ ካብ አለ። እዚያ ተቀምጠን ተቆረሰ። አጠገባችን የነበሩ ፈረንጆችም ደረሳቸው። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፣ ይህን አልክድም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልተርከው ይሻላል። ረግረግ። ዝናብ። ነጩ ስኒከር አሁን ቡናማ ነው። ከፔኒጌንት ወርደን ሪብልሄድ የሚባል ቦታ ስንደርስ ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ፣ ተረከዛቸው ተልጧል። ሁለቱ ኮረብቶች ገና ፊታችን ቆመዋል፣ ሰዓቱ ደግሞ አሥር ሊሆን ነው። እዚያ የታወቀ ረጅም የባቡር ድልድይ አለ፣ 24 ቅስት ያለው። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ከዚያ በባቡር አንዲት ጣቢያ ተጉዘን መኪናችን ጋ ተመለስን። የአንድ ዓመት እቅድ በአንዲት ፌርማታ ተጠናቀቀ።

የሚያናድደው ግን ይሄም አይደለም። ማታ የድልድዩን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ወዲያው «እንዴ! ለምን አልነገራችሁንም?» መጣ። አንዱ ሳይሆን ሰባቱ! ያቺ እሳት የላከችው ደግሞ የሚያለቅስ ፊት ላከች።

ዘንድሮ እንደገና ልሞክር ነው፣ አልተማርኩም። አሁን ግን ሕግ አለኝ። ለመኪናው ገንዘብ ያልከፈለ «አለሁ» አይልም። ሰዓት የሚጻፈው በእኛም በፈረንጅም ነው። የኢትዮጵያ ተራራ ታሪክ ማውራት የሚቻለው ሦስተኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጫማ ከአንድ ሳምንት በፊት ፎቶው ይላካል። ዳቦ ቤት ውስጥ ተቆርሶ፣ ለየሰው ተከፋፍሎ ይመጣል። ቆሎና በሶ ሁሉም ለራሱ ይይዛል።

ይህንኑ ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። እስካሁን 22 ሰው «አለሁ» ብሏል። የከፈለ አንድ ሰው ነው፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ይህን ስጽፍ አዲስ መልእክት ገባ።

«ወንድሜ፣ መንገዱ የሕፃን ጋሪ ያስገፋል?»