ስልኩን ሰጣችሁ፤ ከዚያስ?

ወገኖች፣ ለወላጆቻችሁ ዘመናዊ ስልክ ገዝታችሁ ስትሰጡ ግዴታችሁን የተወጣችሁ ይመስላችኋል። ስልኩ ግን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ከዚያ «ለእነሱ ቴክኖሎጂ አይገባቸውም» ትላላችሁ። ለመሆኑ ማን አስተማራቸው? «እዚህ፣ ከዚያ እዚህ» ብላችሁ በራሳችሁ ጣት አምስት ሰከንድ ውስጥ ነካክታችሁ መለሳችሁላቸው። ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ፤ የእናንተ እጅ ኪስ ይግባ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ፤ መጀመሪያ የተደወለን ማንሳት። በማግስቱ ያው ይደገም። መደወሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጣታቸውንም ተመልከቱ። በዕድሜ ቆዳ ስለሚደርቅ ስክሪኑ አንዳንዴ አይሰማቸውም። ስለዚህ አጥብቀው ይጫናሉ፣ ጣታቸውንም ቶሎ አያነሱም። ስልኩ ይህን «ተጭኖ መያዝ» ብሎ ይቆጥረውና ያላሰቡትን ዝርዝር ይከፍታል፣ ወይም የመደወያውን ምልክት ከቦታው ያነሳዋል። በማግስቱ ሲፈልጉት የለም። «አበላሸሁት» ብለው እስከወዲያኛው ይተዉታል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት የሚለውን ከፍታችሁ፣ ነክቶ የመያዣውን ጊዜ ረጅም አድርጉት። ፊደሉንም አጉሉ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው!

«ብደውል አያነሱም» የምትሉም አላችሁ። ከጆሮ ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ መስማቱ ነው፤ ወፈር ያለ የጥሪ ድምፅ ምረጡ፣ ንዝረቱንም ጨምሩበት። በቪዲዮ ስታወሩ መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን። ፊታችሁ ይጠቁራል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ ከንፈር እያየ ነው የሚሰማችሁ።

የቤተሰብ ግሩፑ የሚያዘንበው ቪዲዮ ሚሞሪውን ሞልቶ ስልኩን ያንቀራፍፈዋል፤ በራሱ ማውረዱን አጥፉት።

አሁን ወደሚያሳፍረው ነገር። «ልጅዎ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ የደረሰዎትን ስድስት አኃዝ ይንገሩኝ» የሚል አጭበርባሪ ይደውላል። ከእናንተ የሚበልጠው በትዕግሥት ነው፤ ረጋ ብሎ፣ ጤናቸውን ጠይቆ ያወራቸዋል። ያ ቁጥር የዋትስአፕ መግቢያ ቁልፍ ነው። ስለዚህ የዋትስአፑን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከዚያ ቁጥር ሌላ የራሳቸውን የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀውን መቆለፊያ፣ ዛሬውኑ ክፈቱላቸው። በመልእክት የሚደርሳቸው ቁጥር ለልጅም ቢሆን እንደማይነገር፣ ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር መልሰው መደወል እንዳለባቸው በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉ።

የተላለፈ የአበባ ፎቶ መላክን ደግሞ ጥየቃ አትበሉት። በድምፅ መልእክት አንድ ነገር ጠይቋቸው። ሲመልሱ ማይክሮፎኑን ተጭኖ መቆየቱ ከከበዳቸው፣ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ላይ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲስቡት ይቆለፋል፤ እጃቸውን አሳርፈው እንዳሻቸው ያወራሉ።